ለፕሮግራምሽ ማን ይቀመጥለት?

ልጄ፣ እናትሽ ለማስተርስሽ የያዝሽውን ርዕስ ነግራኛለች። ሰው ሲናገር ድምፁን ብቻ ሳይሆን ፊቱንና እጁንም አይቶ ሐሳቡን የሚለይ ፕሮግራም ልትሠሪ ነው። ቪዲዮውንም እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአየር ጤና እስከ ዓለም ባንክ ልትቀጂ አስበሻል። ደስ ብሎኛል። ስለ ሒሳቡ የምነግርሽ የለኝም፤ እሱን መምህራንሽ ያውቁታል። እኔ ዕድሜዬን የገፋሁት በአማርኛ ጽሑፍ አርታኢነት ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ለተመራማሪዎች ቃል ስለይና የተቀዳ ድምፅ ወደ ጽሑፍ ስገለብጥ ቆይቻለሁ። ከዚያ ወንበር ሆኜ ያየሁት አንድ ነገር ነው፤ ኮምፒውተር የሚያውቀው ፊቱ የተቀመጠለትን ሰው ብቻ ነው። ማን እንደሚቀመጥ የምትወስኚው አንቺ ነሽ፤ ያውም ኮዱን ከመጻፍሽ በፊት።

ካንቺ ቀድመው የሄዱትን እወቂ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሳይ ፍስሐ የአማርኛን የቃል ክፍሎች በኮምፒውተር ለመለየት ሲነሡ በእጃቸው የነበረው 1,000 ቃል ገደማ ነው፤ ያገኙት ውጤትም ወደ 74 በመቶ ነበር። በዓመቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች 1,065 የዋልታ ኢንፎርሜሽን ማዕከል ዜናዎችን፣ 210,000 ያህል ቃላት፣ ስም ነው፣ ግስ ነው፣ ቅጽል ነው እያሉ ለይተው አቀረቡ። መለያው መጀመሪያ ወረቀት ላይ በእጅ ተጻፈ፤ ከዚያ ለጸሐፊዎች ተሰጥቶ ወደ ኮምፒውተር ገባ። የቋንቋ ሰው የጻፈውን ሌላ ሰው ሲተይበው የሚሆነው የታወቀ ነው፤ ስሕተት ሾልኮ ገባ። በ2010 ቢንያም ገብረኪዳን እንግሊዝ አገር በዎልቨርሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ለማስተርሳቸው ይህንኑ ዳታ አንሥተው፣ አጽድተው፣ ውጤቱን ከ90 በመቶ በላይ አደረሱት። ሰው የሚያስታውሰው መቶኛውን ነው። እኔ የማደንቀው ማጽዳቱን ነው። አንቺም የቪዲዮሽን መለያ ገና ከጅምሩ ለሌላ ሰው በክፍያ አትስጪ። ቢያንስ የመጀመሪያውን ክፍል በገዛ እጅሽ ሥሪው፤ የት የት እንደሚያሳስት የምታውቂው ያኔ ነው።

የቢንያምን መንገድ ልብ ብለሽ ተከተዪው፤ ርዕስሽን የሚነካው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከጽሑፍ ወጥተው ኔዘርላንድስ፣ ናይሜኸን ከተማ በሚገኘው የማክስ ፕላንክ ሳይኮሊንጉስቲክስ ተቋም ወደ እጅ እንቅስቃሴና ወደ ምልክት ቋንቋ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2013 ካቀረቧቸው ሥራዎች የአንዱ ሐሳብ እጅግ ቀላል ነው፦ ብዙ ሰው በተቀመጠበት ቪዲዮ ውስጥ ተናጋሪው ማን እንደሆነ ለማወቅ እጁን የሚያንቀሳቅሰውን ፈልግ። ሐሳቡ ያምራል፤ ብዙ ቦታም ይሠራል። እኛ እድር ላይ ግን ሞክሪው እስቲ። ሰብሳቢያችን ሲናገር እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ ነው፤ በዚህ ዕድሜ እጅ ማወናጨፍ አያምርም ይላል። የሚያወናጭፈው ወዲያ ማዶ የተቀመጠው፣ ያልተስማማው፣ ገና የመናገር ዕድል ያልተሰጠው ነው። እናቶች ደግሞ እጃቸው ነጠላ ውስጥ ነው፤ ካሜራሽ ከነጠላ ሥር ያለውን አያይም። የቢንያም ሥራ ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም። ዕድል በሰብሳቢ በሚሰጥበት ጉባኤና ሁሉም ባንዴ በሚናገርበት የቡና ወሬ እጅ አንድ ዓይነት ሥራ ስለማይሠራ፣ ሁለቱን ለየብቻ ቅጂ ማለቴ ነው።

ድምፁም ከዚህ አይርቅም። ሰለሞን ተፈራ አባተ ከሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረቡት የአማርኛ ንግግር ስብስብ 20 ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተማሪ ሥራውን የጀመረው ከእሱ ነው። የተቀዳው ግን የተነበበ ዜና ነው። ሰው ሲያነብ ዓረፍተ ነገሩን ይጨርሳል። አጠና ተራ ቆመሽ ስሚ፤ እንጨት ሻጩ ዓረፍተ ነገር አይጨርስም። በአማርኛ ይጀምርና ለባልንጀራው በስልጥኛ ወይም በጉራጌኛ ያቀብለዋል፤ ለሌላው ደንበኛ በኦሮምኛ ይቀጥላል፤ ዋጋውን በጣቱ ያሳያል። መስማማቱንም አንዳንዴ በቃል አይናገረውም። ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል፣ ቅንድቡ ብድግ ይላል፣ አለቀ፤ ሽያጩ ተፈጸመ። ድምፅ አጣሪው ፕሮግራምሽ ያቺን ትንፋሽ የጎዳና ጫጫታ መስላው ከቆረጣት፣ ከጭውውቱ ሁሉ ዋናዋን ቃል ጣልሽ ማለት ነው። ጥሬውን ቅጂ ሳታጠሪ አስቀምጪ።

አሁን ይበልጥ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ዘነበወርቅ ሰፈር መውረድሽ አይቀርም። የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከሉ አለርት እዚያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ ከእሱ በፊትም በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የሚጠራ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነበር። ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና የመጡ ሰዎች እዚያው ቀርተው፣ ጎጆ ቀልሰው፣ ልጅ ወልደው፣ እየፈተሉና እየጠለፉ ኖረዋል። በሽታው ዛሬ በመድኃኒት ይድናል። ሕክምናው ከዘገየ ግን ነርቭን ስለሚጎዳ በእጅና በፊት ላይ የሚተወው ጉዳት ከፈውሱ በኋላም ይቆያል። የክንድ ነርቭ ሲጎዳ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ይቆለመማሉ፤ የፊት ነርቭ ሲነካ ዐይን በደንብ አይከደንም።

ብዙ ተማሪ የሚጠቀምበት የጉግል ሚዲያፓይፕ እጅን በ21 ነጥቦች ነው የሚሥለው፦ አንድ አንጓው ላይ፣ በየጣቱ ደግሞ አራት አራት። ጣቱ ያጠረ ወይም የተቆለመመ ሰው ፊቱ ሲቀመጥ ነጥቦቹ የት ይወድቃሉ? የሌለ ጣት ይሥላል ወይስ እጁን ጭራሽ አያየውም? ስሜትን ከፊት አነባለሁ የሚለው ሞዴልሽስ፣ ዐይኑን መክደን ያቃተውን ሰው ፈርቷል ይለዋል ወይስ ተቆጥቷል? መልሱን ሌላ ሰው ከጻፈው አትፈልጊ፤ ራስሽ ሞክረሽ እዪ። ብዙውን ጊዜ ምን እንደሚደረግ ልንገርሽ። ፕሮግራሙ ያልያዘው ቪዲዮ «የተበላሸ ዳታ» ተብሎ ይሰረዛል። ውጤቱ ያምራል፣ ተማሪው ይመረቃል፤ በሰፈሩ አርባ ዓመት የተናገረ ሰው ግን አልተናገረም ተብሎ ተቆጠረ። አንቺ እንዳትሰርዢ። ለብቻው አስቀምጪው፣ ለብቻው ለኪው፣ ቁጥሩ ቢያስከፋሽም በመመረቂያ ጽሑፍሽ ውስጥ ለብቻው ጻፊው። ዝቅ ያለ ቁጥር በሐቅ ስለጻፍሽ ፈታኞችሽ አይጥሉሽም። ከጣሉሽ እኔ ከዘራዬን ይዤ ስድስት ኪሎ እመጣለሁ።

መስማት የተሳናቸውን በተመለከተ ባጭሩ፦ ሰው ሲናገር የሚያወዛውዘው እጅና የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የተለያዩ ናቸው፤ አትቀላቅዪያቸው። ምልክት ቋንቋው የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በዲግሪ ደረጃ ያስተምረዋል። የጣት ፊደሉን ብታዪው የእጁ ቅርጽ ፊደሉን ይነግርሻል፤ ግዕዝ ይሁን ካዕብ ወይም ሣልስ የሚለየው ግን እንቅስቃሴው ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የጣት ፊደል ፎቶዎች የሠለጠነ ሞዴል አምጥተሽ እዚህ ብትተክዪው አይበቅልም። መስማት የተሳነው የሥራ አጋር እስካላገኘሽ ድረስ ይህን ምዕራፍ አትክፈቺው።

ለመለያው ሥራ ኢላንን ተማሪ። ያው የናይሜኸኑ ተቋም የሠራው ነፃ ሶፍትዌር ነው። ከቪዲዮው ግርጌ ለንግግሩ፣ ለቀኝ እጅ፣ ለግራ እጅ፣ ለቅንድብ እያልሽ መስመር መስመር ትዘረጊያለሽ። አሰልቺ ነው፤ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ግማሽ ቀን ሊበላ ይችላል። በአንዱ መስመር ያየሽውን ብቻ ጻፊ፦ «ቅንድብ ተነሣ»፣ «መዳፍ ተከፈተ»። «ተስማማ» ወይም «ተቆጣ» የሚለው ሌላ መስመር ላይ ይግባ። ሁለቱን አንድ ላይ ከጻፍሽ፣ በኋላ ብትጠራጠሪ የምትመለሺበት የለሽም። ያንኑ ቪዲዮ ሌላ ሰው፣ ቢቻል የዚያው ሰፈር ልጅ፣ ያንቺን ሳያይ ይለየው። የተለያያችሁበትን ቦታ በድምፅ ብልጫ አትጨርሱት፤ የሁለታችሁም ንባብ ይቀመጥ።

የቀረው ፈቃድ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ካሜራ ከመግዛትሽ በፊት አንብቢው፣ በተለይ ስለ ጤና መረጃ የሚለውን። የፈቃድ ቅጹ እንደተለመደው ፊርማ፣ መፈረም ለማይችል ደግሞ የጣት አሻራ ይላል። ዘነበወርቅ ላይ የቀለም ሣጥን ይዘሽ ሰው ፊት እንዳትቀርቢ። ቅጹን ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው፤ ፈቃዳቸውን በራሳቸው አንደበት ይናገሩ፤ ያንኑ ካሜራው ይቅዳው። የተቀዳውን ማንም ሳያየው መጀመሪያ ለባለቤቶቹ አሳዪ፤ ይሄ ይቅር ያሉት ይቅር። በኋላ ሐሳባቸውን የሚለውጡም ይኖራሉ፤ ልጅ አድጎ «አባቴን ከዚያ አውጪልኝ» ሊልሽ ይችላል። ስለዚህ ቅጹ ግርጌ የሚጻፈው ስልክ የመምህርሽ ሳይሆን የራስሽ ይሁን፤ ተመርቀሽ ሥራ ስትይዢም ቁጥሩን አትቀይሪው።