ከርዳዳው ጸጉር ምን በደለ?



የዒድ ዋዜማ ነበር። የዘጠኝ ዓመቷ የእህቴ ልጅ ከጸጉር ቤት እያለቀሰች መጣች። ማለስለሻው የራስ ቆዳዋን አቁስሎታል። «አጎቴ፣ አሁንስ ዞማ ሆንኩ?» አለችኝ። አፈርኩ። ከሳምንት በፊት «ይህ ከርዳዳ ማበጠሪያ ይሰብራል» ብዬ በዘመድ ፊት የቀለድኩባት እኔው ነበርኩና።

ውድ አንባቢያን! አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አት-ቲን የሰውን አፈጣጠር እንዳሳመረ ይነግረናል። ሉጫውን ለይቶ አላነሳም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጸጉር ያለው ጸጉሩን እንዲያከብር አዘዋል። ማክበር ማጠብ፣ መቀባትና ማበጠር እንጂ ማቃጠል አይደለም። ቢላል (ረ.ዐ.) በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ መካ ስትከፈት በካዕባ ላይ አዛን ያሰሙት በጸጉራቸው ልስላሴ ተመርጠው ነውን?

እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ማለስለስ ሐራም ነው ለማለት አልተነሳሁም። ራስን መጉዳት ግን ዲናችን አይወደውም። በ2022 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ፣ 33,497 ሴቶችን የተከታተለ ጥናት፣ በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ማለስለሻ በተጠቀሙት ላይ የማሕፀን ካንሰር ከማይጠቀሙት ከእጥፍ በላይ መታየቱን ገልጿል። መንስኤው እርሱ ነው ብሎ መደምደም ባይቻልም፣ ለሕፃን ልጅ ጭንቅላት ግን ጥንቃቄ አይበዛም።

እናቶች፣ አባቶች፣ አጎቶች! ልጆቻችንን ወደ ማለስለሻው የሚገፋቸው ገበያው ብቻ አይደለም፤ ምላሳችንም ነው። ልጅቷን ይቅርታ ጠይቄአታለሁ። የራሷ ቁስል ድኗል፤ የቃሌ ቁስል መዳኑን ግን እንጃ። አላህ ይማረኝ።

ወላሁ አዕለም።