እርግጠኛ ሳይሆኑ መፍረድ

እውነቱን በሙሉ ማወቅ የማይችል ፈራጅ በቅንነት ሊፈርድ ይችላልን? ይህ የፈላስፎችና የሃይማኖት ሊቃውንት ጥንታዊ ጥያቄ ሲሆን፣ ዲሞዱሌተር የሚባለውን መሣሪያ የሚነድፉ መሐንዲሶችም በሥራቸው ዘወትር ይገጥማቸዋል። ዲሞዱሌተር የመቀበያ መሣሪያ ክፍል ሲሆን፣ ላኪው በሬዲዮ ሞገድ ላይ አሳርፎ የሰደዳቸውን ቢቶች፣ ማለትም የዜሮና የአንድ ምልክቶችን፣ ከደረሰው ሞገድ መልሶ ያወጣል። ሞገዱ ግን እንደ ተላከ አይደርስም፤ ጆንሰንና ናይኲስት እ.ኤ.አ. በ1928 እንዳስረዱት፣ ሙቀት ባለው የኤሌክትሪክ አስተላላፊ ሁሉ ውስጥ ቅንጣቶች ያለ ዕረፍት ስለሚራወጡ፣ ከዚያ የሚነሣው ሁካታ ከመልእክቱ ጋር ይቀላቀላል። የተቀባዩ አለማወቅ ከቁስ አካል ባሕርይ የተወለደ ስለሆነ በደል ሆኖ አይቆጠርበትም፤ የሚጠየቀው አለማወቁን በያዘበት መንገድ ነው።

ይህን መንገድ በቁጥር ለመግለጽ መሠረት የጣለው ሰባኪም የሒሳብ ሊቅም የነበረው እንግሊዛዊው ቶማስ ቤይስ ሲሆን፣ ድርሳኑ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1763 ታትሟል። በቤይስ ሕግ መሠረት፣ አስቀድሞ የተያዘ ግምት አዲስ ምስክርነት በቀረበ ቁጥር እንደ ምስክርነቱ ክብደት ይታረማል። ሩሲያዊው ቭላዲሚር ኮቴልኒኮቭም እ.ኤ.አ. በ1947 ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት፣ ከሁሉ ያነሰ ስሕተት የሚሠራው ተቀባይ፣ የደረሰው ሞገድ ሲታይ የመላክ ዕድሉ ከሁሉ የሚበልጠውን መልእክት የሚመርጠው መሆኑን አሳየ።

ይሁን እንጂ የሚፈረድበት ጊዜ ራሱ ከባድ ጥያቄ ነው። እኩል ዕድል ካላቸው ሁለት ቢቶች ለአንድ +1፣ ለዜሮ −1 ቮልት ይላካል እንበል፤ ሁካታው በደወል ቅርጽ የሚሰራጭና መደበኛ ልይይቱ፣ ማለትም ከአማካዩ የመራቅ ልኩ፣ 1 ቮልት ቢሆን፣ 0.9 ቮልት ሲደርስ የተላከው አንድ የመሆኑ ዕድል ከመቶ 86 ያህል ሲሆን፣ 0.1 ቮልት ሲደርስ ግን ከመቶ 55 ያህል ብቻ ነው። ችኩሉ ዲሞዱሌተር ሁለቱንም «አንድ» ብሎ ያሳልፋል፤ ጠንቃቃው ግን ከእያንዳንዱ ቢት ጋር የእምነቱን ልክ አያይዞ ስሕተት ለሚያርመው ክፍል ያስረክባል፤ እርማቱም የሚቻለው ቢቶቹ በኮድ ተሳስረው አንዱ ስለ ሌላው ስለሚመሰክር ነው። ችኩሉ ተቀባይ ከጠንቃቃው እኩል ለመሆን 2 ዴሲቤል ገደማ፣ ማለትም 60 በመቶ ያህል ተጨማሪ የመላኪያ ኃይል ይፈልጋል፤ አንድ ጊዜ የተጣለን ጥርጣሬ በኋላ የሚመጣ ብልሃት አይመልሰውምና።

የአማርኛ አንባቢ ይህን ጥበብ ሳያውቀው ይሠራበታል። ፊደሉ መጥበቅንና መላላትን ስለማይለይ፣ «አለ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ»፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ «ይገኛል» ማለት ይሆናል፤ አንባቢውም በዙሪያው ያሉት ቃላት እስኪመሰክሩለት ድረስ ሁለቱንም ንባብ ይዞ ይቆያል።

እንዲህ ያለው ትዕግሥት ከወላዋይነት የሚለየው፣ ጥርጣሬው ልክ ያለውና ቀን የተቆረጠለት በመሆኑ ነው፤ ምስክሮቹ ተሰምተው ሲያበቁ ተቀባዩ የመፍረድ ግዴታ አለበት። ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 እንዳረጋገጠው፣ የመልእክቱ ፍጥነት ከመስመሩ አቅም በታች እስከሆነ ድረስ፣ ሁካታው ሳይጠፋ ስሕተቱን የተፈለገውን ያህል ማሳነስ ይቻላል። ስለዚህ ለቅን ፍርድ ሙሉ ዕውቀት ቅድመ ሁኔታ አይደለም፤ የሚያስፈልገው ምስክር ሁሉ እስኪሰማ ድረስ ደካማውን ደካማ፣ ጠንካራውንም ጠንካራ ብሎ መያዝ ነው።