ማሩና ወገቡ

ቡድሃ ግዕዝ ተምሯል ብል በምኖርበት በሸነን ከተማ ሰው ይስቅብኛል። ዕድሜዬን ታሪክ ሳስተምር ስለኖርኩ ሳቁን ለምጄዋለሁ። ከየመን የመጡት፣ ኋላም የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑት አባ ዕንባቆም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1553፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ «በረላም ወይዋስፍ»ን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱ። በመጽሐፉ አንድ የሕንድ ንጉሥ ልጁ ሕመምና ሞት እንዳያይ አዳራሽ ውስጥ ዘግቶ ያሳድገዋል። ልጁ ወጣ ሲል ለምጻም፣ ዕውርና የጎበጠ ሽማግሌ ያያል፤ ከዚያ ወዲያ ሰላም የለውም። ታሪኩ የሲድሃርታ ጎታማ፣ የቡድሃ ነው፤ በፋርስ፣ በዐረብ፣ በጆርጂያና በግሪክ በኩል ሲዞር ክርስትና ተነሣ።

አንድ ምሳሌ አለበት። ከአውሬ የሚሸሽ ሰው ገደል አፋፍ ላይ ዛፍ ይዞ ይንጠለጠላል። ከሥሩ ዘንዶ አፉን ከፍቷል፤ ነጭና ጥቁር አይጥ፣ ቀንና ሌሊት መሆናቸው ነው፣ የዛፉን ሥር ይከረትማሉ። ሰውየው ግን ከቅርንጫፉ የሚንጠባጠብ ማር ሲቀምስ ሁሉንም ይረሳል። ይህን ከጅባት ደን ማር ቆርጠው ለሚሸጡ ጎረቤቴ ነገርኳቸው።

«መምህር፣ ማሩ ግን ጥሩ ነበር?»

ጥሩ ነበር አልኳቸው። ቡድሃም ማር ይመርራል አላለም።

የንጉሡን ልጅ ይዋስፍን መነኩሴው በረላም አስተምሮ ያጠምቀዋል፤ ዙፋኑን ትቶ በረሃ ይገባል። ጎታማን ያጠመቀው የለም። ለስድስት ዓመት ሰውነቱን በረሃብ ቀጣ፤ ሊሞት ሲደርስ ተወውና አንዲት ሴት የሰጠችውን የወተት ገንፎ በላ ይላሉ። ጾም የማላፈርስ ሰው ነኝና እዚህ ላይ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። ከዚያ ቦድ ጋያ በሚባል ቦታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ሥቃይ የሚወለደው ሙጭጭ ብሎ ከመመኘት እንደሆነ፣ ምኞቱ ሲነጥፍም ሥቃዩ እንደሚነጥፍ አየ። መንቃት የሚሉት ይህንን ነው። ጸጋ የሌለበት መንገድ ስለሆነ እኔ አልሄድበትም፤ የአባ ዕንባቆም መጽሐፍም ያቆየው የልጁን ድንጋጤ እንጂ የመንቃቱን ዛፍ አይደለም።

ዛፉን ለመረዳት የሚያግዘኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ነቅቶም አርባ አምስት ዓመት ያህል በእግሩ እየዞረ አስተማረ፤ አረጀ። አንድ ማታ ጉባኤ ፊት «ወገቤን አሞኛል» ብሎ ትምህርቱን ለደቀ መዝሙሩ ለአናንዳ ትቶ ጋደም አለ። በ80 ዓመቱም ታሞ ሞተ።

«ታዲያ መንቃቱ ምን ጠቀመው?» አሉ ጎረቤቴ።

ወገቡ ያው ታሟል። ለምን እኔን አመመኝ የሚለው ሁለተኛው ሕመም ነው የቀረለት። እሳቸው ጉልበታቸውን እያሹ፣ ሁለተኛው ይብሳል አሉኝ።