የመጀመሪያው ሰዓት የጎረቤት ነው

አዳማ በኮረብታ በተከበበ ዝቅተኛ ቦታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ዝናቡ የሚጥለው ተራራው ላይ ነው፤ ውኃው የሚያርፈው ግን ሰፈር መሀል ነው። ዛፉ የተመነጠረ ተዳፋት ውኃ አይዝም። አፈሩም ከጥንት እሳተ ገሞራ የቀረ አመድና ልል ድንጋይ ስለሆነ ጎርፍ በቀላሉ ይቦረቡረዋል። ከሰዓት በኋላ ለግማሽ ሰዓት የወረደ ዶፍ ደለሉን፣ ፌስታሉንና የሃይላንድ ፕላስቲኩን ጠራርጎ ቦዩን ይደፍንና በሰው ግቢ ያልፋል። ይህን የአዳማ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሆኖም በየክረምቱ እያየነው በየክረምቱ እንደ አዲስ እንደነግጣለን። ጎርፉ ካለፈ በኋላ ፍራሽ ፀሐይ ላይ እናሰጣለን፣ ቀበሌ ሄደን አቤት እንላለን፣ መስከረም ሲጠባ እንረሳዋለን።

ይህን የምጽፈው ሥልጣን ላይ ላሉትም ሥልጣን ለሌላቸውም ነው። የምላቸውም አንድ ነገር ነው፦ አደጋ የደረሰበትን የመጀመሪያ ሰዓት የሚመራው በቅርብ ያለ ሰው ነውና ያ ሰው ሥራውን አስቀድሞ ይወቅ።

እ.ኤ.አ. በጥር 1995 የጃፓኗ ኮቤ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ፣ ፍርስራሽ ሥር ተይዘው በሕይወት ከወጡት ሰዎች አብዛኞቹን ያወጧቸው ቤተሰቦቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ነበሩ። ጃፓን የሠለጠነ የእሳት አደጋ ሠራተኛም ሆነ ማሽን ያጣች አገር አይደለችም። ነገር ግን በአንድ ንጋት በሺህ የሚቆጠር ቤት ሲወድቅ ለሁሉም የሚደርስ መኪና የትም አገር የለም። መኪናው ጥቂት፣ መንገዱ ጠባብ በሆነበት በእኛ ከተማ ደግሞ የጎረቤት ድርሻ ምን ያህል እንደሚከብድ እያንዳንዳችን እናስበው።

ጎረቤት መድረሱ ብቻ ግን አይበቃም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነውን እናስታውስ። በከባድ ዝናብ የራሰው ተዳፋት ተንዶ ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ቀበረ። የሰፈሩ ሰው ዶማና አካፋ ይዞ፣ ያልያዘውም በባዶ እጁ ሊቆፍር ሮጠ። የአካባቢው አመራር፣ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ሳይቀሩ ደረሱ። እነርሱ ሲቆፍሩ ከላይ የቀረው ተዳፋት ዳግመኛ ተናደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሊያድኑ የመጡ ነበሩ።

በእነዚህ ሰዎች ላይ የወቀሳ ቃል ከአፌ አይወጣም። ወንድሙ አፈር ሥር ሆኖ ዳር ቆሞ የሚያይ ሕዝብ አይደለንም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ቢሆንም ደግነታችን ሥርዓት ይፈልጋል። አንድ ሰው ከፍ ብሎ ተዳፋቱን ይጠብቅ፤ ስንጥቅ ሲሰፋ ወይም ድንጋይ ሲንከባለል ፊሽካ ይንፋ። ቆፋሪዎቹ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በተራ ይግቡ፤ የቀረው ሰው ከአደጋው ክልል ውጭ ይቁም። ይህን የሚያዝ፣ ሲያዝም የሚሰማ ሰው በየቀበሌው አስቀድሞ መሰየም አለበት። በዚያ ደቂቃ ከአዲስ አበባም ሆነ ከአዳማ ከተማ አስተዳደር ባለሥልጣን መጥቶ አይደርስም። ሁሉም በሚያለቅስበት ሰዓት ደግሞ አዲስ መሪ መምረጥ አይቻልም።

አገራችን በዚህ ጉዳይ ፖሊሲም መሥሪያ ቤትም አላጣችም። ከወሎው ረሀብ በኋላ በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ። የዚያን ጊዜው ትልቁ ሥራ ለተራበ ሰው እህል ማድረስ ነበር፤ ብዙ ነፍስም ተርፎበታል። በ2005 ዓ.ም. የጸደቀው ብሔራዊ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲና ስትራቴጂ ደግሞ አስቀድሞ መከላከልንና መዘጋጀትን ፊት አመጣ፤ ኃላፊነቱንም እስከ ወረዳ አወረደው። በኦሮሚያ ቡሳ ጎኖፋ አለ። ከብቱ ላለቀበት ወይም ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው ወገኑ አዋጥቶ መልሶ የሚያቋቁምበት የኦሮሞ ሕዝብ የቆየ ሥርዓት ነው። ክልሉ በቅርብ ዓመታት ይህን ስምና መንፈስ ለአደጋ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ሰጥቶታል፤ ሕዝቡም አባል እየሆነ ያዋጣል። በዚህ ሥርዓት ሰጪ የሆነ ሰው ነገ ተቀባይ ሊሆን ይችላል፤ ማንም በማንም ላይ አይኮራም። የውጭ እርዳታ እንዲህ ያለ ክብር ሲጠብቅ አላየሁም።

እንግዲህ የከተማና የወረዳ መሪዎች ሆይ፣ ምክሬ ለእናንተ ይህ ነው። የቦይ ጠረጋ ገንዘብ በሚያዝያ ይውጣ። በነሐሴ የሚወጣው ገንዘብ ብርድ ልብስ መግዣ ነው፤ ብርድ ልብስ ደግሞ የጠፋ ልጅ አይመልስም። ቤቱ የተጥለቀለቀበት ሰው የሚያድርበት ትምህርት ቤት የትኛው እንደሆነ፣ ቁልፉም ሌሊት ማን ዘንድ እንደሚገኝ ዛሬ ይታወቅ። የቁልፉ ነገር ትንሽ ይመስላል፤ እናት ልጇን አዝላ በጨለማ በር ላይ ስትቆም ግን ትንሽ አይደለም። ማስጠንቀቂያ ስትናገሩ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ተናገሩ። ለቀን ሥራ በቅርቡ ወደ ከተማ የመጣው ወጣት የቀበሌ ስብሰባ ላይ አይገኝምና በባጃጅ ሹፌሮች፣ በመስጊድ ድምፅ ማጉያና በቤተ ክርስቲያን ደወል በኩል ይስማ። ጎርፉ ቤት ከገባ በኋላ የሚቋቋም ግብረ ኃይል፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። ግብረ ኃይሉ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ተሰብስቦ ይለማመድ፤ ማን ይደውላል፣ ማን ይሸከማል፣ ማን መብራት እንዲቋረጥ ያደርጋል የሚለውን በወረቀት ብቻ ሳይሆን በእግሩ ይፈትሽ።

ሁሉም በእናንተ ትከሻ አይደለም። በውኃ መውረጃ ላይ ቤት የሚሠራው፣ የሚሸጠውና የሚያሻሽጠው እኛው ነን። ደላላው "እዚህ ውኃ ደርሶ አያውቅም" ሲል በበጋ ነው። ገዢ ሆይ፣ ቦታውን ካላየኸው በሐምሌ እየው፤ ሐምሌን መጠበቅ ካልቻልህ የሰፈሩን ሽማግሌ ጠይቅ። የድሬዳዋ ሰው ይህን ትምህርት በከባድ ዋጋ ገዝቶታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ በደጋው የጣለ ዝናብ በደቻቱ ወንዝ ሌሊት ወርዶ ከ250 በላይ ሰው ገደለ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰዎች ይነግዱበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል። ውኃ ግን መንገዱን አይረሳም። አሸዋና ጠጠር በቦይ ላይ የምታራግፍ የሕንፃ ባለቤትም፣ ቆሻሻህን በዝናብ ሰዓት ወደ ጎርፍ የምትለቅ ጎረቤትም፣ ከአንተ ግቢ የወጣው የሚያርፈው ከታችህ ባለችው አሮጊት ቤት መሆኑን እወቅ። እንዲህ ማድረግ ነውር ነው፤ እንደ ነውርም ልንቆጥረው ይገባል።

እጃችን ላይ ያለው ትልቁ ሀብት እድር ነው። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር አለው፣ ጡሩምባ ነፊ አለው። በየቤቱ ማን እንደሚኖር በስም ያውቃል። ሰው ሲሞት በአንድ ሰዓት ውስጥ መቶ ሰው የሚያሰልፍ ድርጅት፣ ሰው ሳይሞት ለመድረስ የሚጎድለው ውሳኔ ብቻ ነው። ስለዚህ የእድር ዳኞችንና እናቶችን እለምናለሁ፦ መዝገባችሁ ላይ አንድ ገጽ ጨምሩ። በዚያ ገጽ ላይ መሮጥ የማይችሉትን ጻፉ፤ አልጋ ላይ የዋሉትን፣ ብቻቸውን የሚኖሩትን አዛውንት፣ ዓይነ ስውሩን፣ አራስ ያለችበትን ቤት። በእያንዳንዱ ስም ትይዩ ሁለት ጎልማሶች ይጻፉ። አንዱ ሥራ ላይ ቢሆን ሌላው ይደርሳል። ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ገመድ፣ አካፋ፣ የእጅ ባትሪና ፊሽካ አይጥፋ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ ፖሊስ በ991 እንደሚጠራ ልጆች ሳይቀሩ በቃላቸው ይያዙ። ለእሳት ብዙ ሰው በቃሉ የያዘው 939 የአዲስ አበባ ቁጥር ነውና እያንዳንዱ ከተማ የራሱን ቁጥር አጣርቶ በበሩ ላይ ይለጥፍ።

እሳትን ካነሳሁ አይቀር ለነጋዴዎቻችን አንድ ቃል ልጨምር። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በመርካቶ ሸማ ተራ እሳት ሲነሳ የእሳት አደጋ መኪኖች በጠባቡ መንገድ ለመግባት ተቸግረው ነበር። በአዳማ ገበያም ሸራውን ከሱቁ አስወጥቶ፣ ዕቃውን መተላለፊያ ላይ ደርድሮ የሚሸጥ ሰው የራሱንም የጎረቤቱንም ንብረት አሳልፎ እየሰጠ ነው።

በስምጥ ሸለቆ የምንኖር ሰዎች ከውኃ ሌላ የምድርም ነገር አለብን። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ደጋግማ ተንቀጠቀጠች፤ ታኅሣሥ 26 የደረሰው መጠኑ 5.8 ነበር። አፋርና ኦሮሚያ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ለቀቁ፤ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። ይህ ለስምጥ ሸለቆ እንግዳ አይደለም፤ በነሐሴ 1898 ዓ.ም. በላንጋኖ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ ከዚህም የበለጠ ነበር። በ2017ቱ ወቅት ግን ከመንቀጥቀጡ እኩል ሰውን ያስጨነቀው ወሬ ነበር። "ዛሬ ማታ በዚህ ሰዓት ይመጣል" የሚሉ መልእክቶች ከስልክ ወደ ስልክ ተላለፉ። የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት ለይቶ የሚናገር ሳይንስ በዓለም ላይ የለም። እንዲህ የሚል መልእክት ሲደርስህ ከአንተ አይለፍ፤ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ባለሙያዎችና ከኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት የሚወጣውን ጠብቅ። ምድር ስትንቀጠቀጥ በኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ መጋፋት ይገድላል። ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብተህ ራስህን ሸፍን፣ ከመስታወት ራቅ፣ ሲቆም በእርጋታ ውጣ። ቤት የምትሠሩ ወገኖች፣ ከፌሮና ከሲሚንቶ የምትቆጥቡት ገንዘብ ከልጆቻችሁ ነፍስ ላይ የምትቆጥቡት ነው። ሕንፃ የሚቆጣጠረው ባለሙያም ሳያይ አይፈርም።

አንድ ነገር ይቀረኛል። አዳማ ብቻዋን ልትድን አትችልም። ከላይ ቆቃ ግድብ አለ፣ ከታች ወንጂ አለ፤ አዋሽ ሲሞላ የሸንኮራ አገዳው መሀል ያሉ መንደሮች መከላከያ ግድባቸው እንዳይሰበር ይጨነቃሉ። ዝቅ ሲል ደግሞ መተሐራ አለ። በዚያ የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ ከነበረበት ጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር ተነሥቶ ዛሬ ከ50 በላይ ሆኗል፤ እርሻና ግጦሽ ውጧል። ከላይ ያለው ከተማ ስለ ውኃው መጨመር ከታች ላለው በጊዜ መናገር አለበት። ለዚህ ስብሰባና አበል አያስፈልግም። የአንዱ ወረዳ ተረኛ የሌላውን ወረዳ ተረኛ ስልክ ይያዝ፤ በሌሊትም ይደውልለት።

ሚቲዎሮሎጂ የክረምቱን ትንበያ በግንቦት ሲያወጣ አዳምጡት። ከዚያ በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ላይ ያቺን ገጽ ክፈቱ፤ የመጀመሪያውንም ስም ከቤታችሁ አጠገብ ካለው ቤት ጀምሩ።