ከፊደሉ በፊት ተረቱን ምረጪ

ልጄ፣ በኬንያና በኢትዮጵያ ድንበር አጠገብ ባለችው ኡራን ለትናንሽ ልጆች በየሳምንቱ አንድ ፊደል እየያዝሽ ተረት ልታነቢላቸው መነሣትሽን ስሰማ ደስ አለኝ። ዕድሜዬን ከልጆችና ከመጻሕፍት ጋር ስላሳለፍሁ የማውቀውን ልንገርሽ።

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከፊደሉ ነው። «ዛሬ በ ነው» ይልና በበ የሚጀምር ቃል ሁሉ ይለቅማል፤ ባቡር፣ በረዶ፣ ባሕር። ባሕር አይቶ ለማያውቅ የኡራን ልጅ እነዚህ ምኑ ናቸው? አንቺ ከተረቱ ጀምሪ። ልጆቹ የሚስቁበትን፣ የሚሠጉለትን፣ ሲያልቅ «ድገሚልን» የሚሉሽን ተረት ፈልጊ። ከዚያ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ለራስሽ ደጋግመሽ አንብቢውና የትኛው ድምፅ እየተመላለሰ እንደሚመጣ አድምጪ። የሳምንቱ ፊደል እሱ ነው።

የማሞ ቂሎን ተረት ውሰጂ። እናቱ ትላንት የመከረችውን ዛሬ ያለ ቦታው እየፈጸመ የሚያስቸግራት ልጅ ነው። ገንዘብ ጥሎ ሲመጣ «ኪስህ ውስጥ ብትከተው ኖሮ» ትለዋለች፤ በማግሥቱ ደመወዙ ወተት ሲሆን ወተቱን ኪሱ ውስጥ ያፈስሳል። ወተት ምን ያህል ውድ እንደሆነ ከእረኛ ልጅ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ከየትኛውም ከተማ ልጅ ይልቅ የሚደነግጠውም የሚስቀውም እሱ ነው። በተረቱ ውስጥ ማሞና እማማ በየዓረፍተ ነገሩ ይመላለሳሉ። ፊደሉን አንቺ ሳትናገሪው ተረቱ ይነግርሻል። መጽሐፉንም ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አሳትሞታል።

እዚህ ላይ አንድ የሙያ ዘዴ ልንገርሽ። ከመ ሳይሆን ከማ ጀምሪ። የፊደል ሰንጠረዡ ከግዕዙ ይጀምራል፤ የልጅ አፍ ግን ራብዑን ያስቀድማል። ሕፃን ገና አፉን ሲከፍት የሚለው ማ ነው። ሌላም ጥቅም አለው፤ ድንበር ላይ ነሽና ፊትሽ የሚቀመጡት ልጆች ቤታቸው የሚሰሙት ቋንቋ አንድ አይደለም። በአማርኛ ማር አለ። በቦረና ቤት ማና ነው። በስዋሂሊ ውኃ ማጂ፣ ወተት ማዚዋ፣ ሱቅ የሚገዛው በዘይት የተጠበሰ ሊጥ ደግሞ ማንዳዚ ነው። በማ የቦረናውም፣ የቡርጂውም፣ የሶማሌውም ልጅ እኩል እጁን ያወጣል። ፊደል ስትመርጪ ይህን መመዘኛ አትርሺ፤ ከልጆቹ መካከል አንዱ እንኳ ከቤቱ ይዞት የሚመጣው ቃል የሌለው ፊደል ከሆነ ለሌላ ጊዜ አቆዪው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። የኢትዮጵያው ቦረና ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ቋንቋውን የሚማረው በቁቤ ነው፤ በኬንያ በኩል ያለው ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ የሚጠብቀው ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ነው፤ ሁሉም በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። እኔ ፊደላችንን እንደ ዓይኔ ብሌን እወደዋለሁ። ቢሆንም ኡራን ላይ የሚበዛው ልጅ ነገ ክፍል ውስጥ የሚያገኘው የላቲኑን ነውና ዋናው እሱ ይሁን። አማርኛ በሚነገርባቸው ቤቶች ላደጉት ለብቻቸው ሌላ ቀን ያዢላቸው። ሁለቱን መልክ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን አትጻፊ። ትንሽ ልጅ አንድ ድምፅ በሁለት መልክ አብሮ ሲቀርብለት ሊምታታበት ይችላል። አንዱን አጥብቆ ከያዘ ሌላውን በኋላ ይጨምረዋል።

ላቲኑን ስታስተምሪ ደግሞ ስሙን ሳይሆን ድምፁን ስጪያቸው። በእኛ ፊደል ስሙም ድምፁም አንድ ስለሆነ ችግር የለም፤ ማ ማ ነው። የእንግሊዝኛው ኤም ግን ስሙ በኤ ይጀምራል፤ ልጁ «ኤም» ብሎ ከያዘው «ማና» ውስጥ ኤምን ሲፈልግ ያጣዋል። ከንፈርሽን ገጥመሽ «ምምም» በዪ፤ እነሱም ይበሉ። ንዝረቱ እስኪሰማቸው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ያስቀምጡ።

የቄስ ትምህርት ቤት ያደግነው ፊደል የቆጠርነው በዜማ ነው። 33ቱን ግዕዞች ከነእርባታቸው፣ 231 ፊደል፣ ከሀ እስከ ፐ አግድም እንዘልቀው ነበር። ዜማው ድንቅ ነው፤ ነገር ግን ልጁ ዜማውን ይይዝና ፊደሉን ላያይ ይችላል። መካከል ላይ ጣት ቢያሳርፉበት ከመጀመሪያው ካልተነሣ አይመልስም። የኔታዎች ይህን ስለሚያውቁ አቡጊዳ የሚባለውን ያስከትሉ ነበር፤ አግድም የለመዱትን ፊደል ሰያፍ ሲያነቡት ዜማው ይጠፋና ዓይን ብቻ ይቀራል። አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ፊደሉን ካስለመድሽ በኋላ ከቦታው አውጪው፤ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ፣ በዱቄት ከረጢት ላይ፣ በሱቅ ማስታወቂያ ላይ ያግኙት። ሲያገኙት ይጩኹ፤ አትቆጪያቸው።

ቤተ መጻሕፍት የግድ ሕንፃ መሆን እንደሌለበት ለአንቺ መንገር አያስፈልገኝም። የኬንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1996 ጋሪሳ ላይ መጻሕፍትን በግመል ጭኖ ወደ አርብቶ አደሩ መውጣት ጀምሯል። ዮሐንስም የነገሌ ቦረና ልጅ ነው፤ ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያገኘው 19 ዓመቱ ላይ ነበር። አሜሪካ ተሰድዶ በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት መጻሕፍት ባለሙያ ሆኖ ሲሠራ ለኢትዮጵያ ልጆች በአማርኛ የተጻፈ መጽሐፍ ፈልጎ በማጣቱ ራሱ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ በኋላም ሐዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት ቤተ መጻሕፍት አቋቋመ። ይህን የማነሣልሽ ለምስጋና ብቻ አይደለም። ግመሉም አህያውም የሚያስተምሩን አንድ ነገር አለ፤ ሁለቱም የሚሄዱት ልጁ ወዳለበት ነው። አንቺም የምታነቢበት የግራር ጥላ ከውኃ ነጥቡ ወይም ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ይሁን።

ሰዓቱ ጠዋት ነው፤ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ነፋሱም ገጾችን መግለጥ ሳይጀምር። ብዙዎቹ ልጆች ዱግሲ፣ ማለትም ቁርኣን ቤት፣ ስለሚሄዱ አስቀድመሽ ከመምህራቸው ጋር ተነጋገሪ። እነዚያ ልጆች በእንጨት ሰሌዳ ላይ ዐረብኛ ፊደል መቁጠር የጀመሩ ናቸው፤ ከቀኝ ወደ ግራ። አንቺ ዘንድ ሲመጡ ምንም እንዳላወቁ አድርገሽ አትያዣቸው። አንዱን ልጅ «አንተ የምታውቀውን ፊደል አሸዋ ላይ ጻፍልኝ» ብትዪው ያን ቀን ራሱ ይወድሻል።

ሌላው ነገር፣ ድርቅ ሲጠነክር ቤተሰቡ ከብቱን ተከትሎ ይሄዳል። ዛሬ የነበረው ልጅ ለወራት ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጠዋት ራሱን የቻለ ይሁን። «ባለፈው እንዳየነው» ብለሽ አትጀምሪ፤ ያለፈውን ያላየ ልጅ ወዲያው ከአንቺ ይርቃል። የማይለወጥ ነገር ግን ያስፈልጋል። መክፈቻው ሁልጊዜ አንድ ይሁን። «ተረት ተረት» በዪ፤ «የላም በረት» ብለው ይመልሱ። በቦረናም ሆነ በስዋሂሊ የሚሆነውን መክፈቻ ከእናቶቻቸው ጠይቂ፤ እናቶችም እዚያው ይቀመጡ። ከወራት በኋላ የተመለሰ ልጅ መክፈቻውን ሲሰማ ቦታው እዚያ እንደሆነ ያውቃል።

ጊዜው ከግማሽ ሰዓት አይበልጥ። አንድ በመጽሐፍ፣ አንድ በቃል፤ ይበቃል። የቃሉን ተረት አትናቂው። ተስፋዬ ሳህሉን፣ አባባ ተስፋዬን አስቢያቸው፤ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ልጆችን የያዙት በድምፃቸውና በፊታቸው ነበር። ጅቡ ሲናገር ድምፅሽ ይወፍር፤ ቀበሮዋ ስትናገር ይቅጠን። ማን እያየኝ ነው አትበዪ። አሻንጉሊት ካማረሽ ያረጀ ካልሲ ላይ ሁለት አዝራር ስፊ፤ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለችው የቴሌቪዥን ዝግጅት የአገር ልጆችን ሁሉ ያስከተለችው አሻንጉሊት ቀጭኔ ይዛ ነው።

በተረቱ መካከል ፊደሉን ለማስተማር አትቁሚ። ይህን አጥብቄ እለምንሻለሁ። ማሞ ወተቱን ሊያፈስ ሲል «እስቲ ማ የት አለች?» ብለሽ ካቋረጥሽ ተረቱንም ፊደሉንም አጣሻቸው። መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ይሳቁ። ሁለተኛ ስታነቢው «ማ»ን ሲሰሙ ያጨብጭቡ። ከዚያ በኋላ ነው እጅ የሚሠራው፤ አሸዋውን ደልድለሽ በጣታቸው ይጻፉ። እርሳስ ለትናንሽ ጣቶች ገና ነው፤ አሸዋ ግን ስሕተቱን በመዳፍ ጠርጎ እንደገና ያስጀምራል። ጠጠር ይደርድሩበት፤ በፊደሉ መስመር ላይ በእግራቸው ይሂዱ።

መጻሕፍቱን ከማሸግሽ በፊት ለልጆቹ እጅ ስጪያቸው። ገልብጠው ይዘውት ይሆናል፤ ገጽ ይቀደድ ይሆናል። ሙጫና ስስ ወረቀት ይዘሽ ሂጂ፤ መቀደዱ የመነበብ ዋጋ ነው።

በአማርኛው ቀን ከማ ቀጥለሽ ላን ያዢ፤ ላም አለ፣ ደረቁ ወንዝ ላጋም አለ፤ ከብትን ሎን የሚለውም የቦረናው ድምፅ ከዚያው ቤት ነው። ከዚያ ባንና ናን አስከትዪ። ሰን ለና በ በደንብ ሳይለዩ አታምጪ፤ መልካቸው ይቀራረባል። ሸ ከሰ፣ ቸ ከተ፣ ጀ ከደ ላይ በመስመር የተቀጠሉ ናቸውና እናት ፊደሎቻቸው ሳይለመዱ አይነኩ። ሀን ከሐና ከኀ ጋር አንድ ላይ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ካለሽ እሱን እቤት ተዪው፤ እሱ ለትላልቆቹ ነው።