ላልመጣው ተጋጣሚ

በእንፍራንዝ የሚኖር የፋሲል ከነማ ደጋፊ «የ2013 ዓ.ም. ዋንጫ ሙሉ ነውን?» ተብሎ ቢጠየቅ ይቆጣ ይሆናል። ቢቆጣም አይፈረድበትም። የጎንደሩ ክለብ በሥዩም ከበደ አሠልጣኝነት ፕሪሚየር ሊጉን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው፣ በወረርሽኙ ሳቢያ ከሜዳው ርቆ፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ ነው። ሆኖም በዚያ ዓመት የ2011 ዓ.ም. ሻምፒዮን መቀሌ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎና ስሑል ሽረ በጦርነቱ ምክንያት አልተሰለፉም።

ታዲያ ድሉ የማን ነው? የፋሲል ነው። ተጫዋች የሚጠየቀው ፊቱ ስለቆመው ተጋጣሚ እንጂ ስላልመጣው አይደለም። ደስታ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ባላጋራ ከሌለ ማሸነፍ የሚባል ነገር የለምና፣ አሸናፊ ሁሉ ለባላጋራው ባለዕዳ ነው። ጎረቤት ለቅሶ ሲቀመጥ ሠርገኛ ከበሮውን ዝቅ ያደርጋል፤ ሠርጉ ግን አይፈርስም። የቀሩትን ማሰብም ዋንጫውን አያሳንሰውም፤ ያነሣውን ሰው ያከብረዋል እንጂ።