በተመታው ፋንታ ይቅር የሚል ማን ነው?

የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ ዘውዱን ሊሰርቅ የመጣውን ቶማስ ብለድን ሲምረው፣ የማረው የራሱን በደል ብቻ ነው ወይስ የሌላውንም ጭምር? ታሪኩን የሚያወሩ ሁሉ የሌባውን ድፍረትና የንጉሡን ቸርነት አድንቀው ያልፋሉ። መዶሻ ያረፈባቸውን ሽማግሌ ግን ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም።

ሽማግሌው ታልቦት ኤድዋርድስ ይባላሉ፤ የ77 ዓመት አዛውንት ነበሩ። በለንደን ግንብ ውስጥ የነገሥታቱን ዘውድ ይጠብቃሉ፤ የሚተዳደሩትም ዘውዱን ለማየት የሚመጣ ሰው በሚከፍላቸው ገንዘብ ነው። ብለድ ደግሞ በ1660 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ተሽሮ የነበረው ንግሥና ሲመለስ አየርላንድ ውስጥ የነበረውን መሬት ያጣ የቀድሞ ወታደር ነው። ቄስ መስሎ መጣ። ሚስቴ ናት ያላት ሴት ሆዴን አመመኝ ብትል፣ የኤድዋርድስ ባለቤት ቤታቸው አስገብተው አስታመሟት። ቆየት ብሎ ለውለታው ነጭ ጓንቶች ይዞ ተመለሰ። ከማዕዳቸው ተቀመጠ፤ ማዕዱንም ባረከ። ሀብታም የወንድም ልጅ አለኝ ብሎ ልጃቸውን እስከማጨት ደረሰ። እኔን ከመዶሻው በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የሰው ማዕድ ባርኮ በልቶ፣ ያንኑ ሰው ለመምታት ጧት መምጣት!

ግንቦት 1671 እ.ኤ.አ. አንድ ማለዳ ግብረ አበሮቹን አስከትሎ መጣ። ሽማግሌው ላይ ካባ ጣሉባቸው፤ አፋቸውን በእንጨት ወተፉት፤ አልበገር ሲሉ በመዶሻ መቷቸው፣ ሆዳቸውንም ወጓቸው። ብለድ ዘውዱን ቀጥቅጦ ጨፍልቆ ከካባው ሥር ሸጎጠው። አንዱ የወርቁን ሉል ሱሪው ውስጥ ከተተ፤ ሌላው በትረ መንግሥቱን በሞረድ ለሁለት መቁረጥ ጀመረ። በዚያች ሰዓት ነው የሽማግሌው ልጅ ከፍላንደርስ የደረሰው። ጩኸቱ ቀለጠ፤ ሌቦቹም ሳይርቁ ተያዙ።

ብለድ ከንጉሡ በቀር ለማንም ቃሌን አልሰጥም አለ። ንጉሡ አስቀርቦ ሰማው፣ ማረው፣ በዚያ ላይ አየርላንድ ውስጥ በዓመት 500 ፓውንድ የሚያስገባ መሬት ሰጠው። ምክንያቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔን ግን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ይኸው ብለድ ከወራት በፊት የኦርመንድን መስፍን መንገድ ላይ ይዞ ሊሰቅለው ሞክሮ ነበር። ንጉሡ ለመስፍኑ ሰው ልኮ ይቅር እንዲል ጠየቀው፤ መስፍኑም፣ ንጉሡ ዘውዱን ይቅር ካለ እኔም ሕይወቴን ይቅር እላለሁ ብሎ መለሰ ይባላል። ስለዚህ ንጉሡ ወጉን ያውቀዋል፤ የተበደለ ይጠየቃል። ለኤድዋርድስ የደረሳቸው ግን የ200 ፓውንድ ማዘዣ ነው። ገንዘቡ ቢዘገይባቸው ማዘዣውን በግማሽ ዋጋ ሸጡት።

አባቴም እንደ ኤድዋርድስ ጠባቂ ነበሩ፤ የሚጠብቁት የገጠር ደብር ዕቃ ቤት ነበር። አንድ ሌሊት ሌቦች መጥተው በዱላ ጭንቅላታቸውን ፈነከቷቸው፤ ከዚያ ወዲያ ግራ ጆሯቸው አልሰማም። የሰረቁት መስቀል ተገኘ፤ ደብሩም ምሬአለሁ አለ። የአገር ሽማግሌዎች ግን በዚህ አልረኩም። መቺውን ትከሻው ላይ ድንጋይ አሸክመው ደጃችን አመጡት። ጎንበስ እንዳለ ላቡ መሬት ላይ ይንጠባጠባል፤ አባቴ ዝም ብለው ያዩታል። በጣም ቆዩ። ሽማግሌዎቹም አላጣደፏቸውም። በኋላ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲሉ ነው ድንጋዩ የወረደለት።

ወንጀሉ በዘውዱ ላይ የተፈጸመ ስለሆነ የሚምረውም ዘውዱ ነው የሚል ይኖራል። ቅጣቱን በተመለከተ እስማማለሁ፤ ገመዱን ከአንገት ማውጣት የንጉሥ ሥልጣን ነው። በደሉ ግን ሌላ ባለቤት አለው። ሁሉን ይቅር ማለት የሚችለው እግዚአብሔር እንኳ በወንጌሉ መባህን ከመሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ብሎ ይልከናል። ዘኬዎስም ጌታን ቤቱ ተቀብሎ ሳለ የቀማኋቸውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። የንስሐ አባቶቻችንም ወስጃለሁ ያለውን ሰው መጀመሪያ መልስ ይሉታል። ንጉሥ ከዚህ አይበልጥም።

ዳዊት አንተን ብቻ በደልሁ ብሎ ወደ እግዚአብሔር አልቅሷል ይሉኝ ይሆናል። ነገር ግን ዳዊት ያስገደለው ኦርዮ ሞቷል፤ ቢፈልግም ሄዶ የሚወድቅበት ደጅ አልነበረውም። ኤድዋርድስ ከዚያች ጧት በኋላ ሦስት ዓመት ኖረዋል። ከቤተ መንግሥቱ እስከ ግንቡ በቴምዝ ወንዝ በጀልባ የሚደረስ ነበር። ንጉሡ ብለድን መማሩን አልነቅፍበትም፤ መሬቱን ከመስጠቱ በፊት ግን ኤድዋርድስ ደጅ ወስዶ ሊያቆመው ይገባ ነበር።